የየቲሙ ፋኖስ በጥራቱ ይገዛ

(በሻዕባን ወር በተካሄደው የየቲም አሳዳጊዎችና የረዳት አባላት ስብሰባ ላይ በመምህራኑ ስም የቀረበ ንግግር)



ክቡራን ዑለማዎቻችን፣ የማኅበራችን ረዳት አባላት፣ የቲሞችን በጉያችሁ ይዛችሁ የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤

አላህን (ሱ.ወ.) እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውንና ምሕረቱንም እንለምነዋለን። የቲም ሆነው ባደጉትና የየቲምን አደራ ለኡመታቸው ትተው ባለፉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ የአላህ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

ዛሬ በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥናት አንዲት ፋኖስ ናት። ቁመቷ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የመቀመጫዋ እያንዳንዱ ጎን 15 ሳንቲ ሜትር ነው። አራቱ ግድግዳዎቿ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ፕላይውድ በሌዘር ጨረር የተቆረጡ ናቸው፤ ከውስጥ በኩል ወተት የመሰለ ነጭ አክሪሊክ ተደርቦባቸዋል፤ በአናቷ ላይ ደግሞ ከጠራ አክሪሊክ የተቆረጠች ጨረቃ ቆማለች። የሠሯት በማኅበራችን ድጋፍ የሚያድጉና ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆቻችን ናቸው።

ስለ የቲሞች እንድንናገር ተጋብዘን ሳለ ስለ አንዲት የጌጥ መብራት መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህች ፋኖስ ምክንያት እኛ መምህራኑ ስለ አደራ የተማርነውን ሳንነግራችሁ መጪው ረመዳን እንዲገባብን አልፈለግንም።

ባለፈው ረመዳን የሆነው

በ1446 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን፣ ይኸውም በ2017 ዓ.ል. በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ውስጥ፣ 12 ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን 40 ፋኖሶችን ሠርተው ነበር። ፋኖሶቹ ከተራዊሕ ሰላት በኋላ በመስጊዱ በር አካባቢ ለሽያጭ ቀረቡ፤ በሦስት ሌሊት ውስጥም አንዲት እንኳ ሳትቀር አለቁ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከተጠየቀው ዋጋ በላይ ከፍለው መልሱን ሳይቀበሉ ሄዱ። እኛም «አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቻችን ከእጃቸው ሥራ መብላት ጀመሩ» ብለን ተደሰትን፤ በዓመታዊ ሪፖርታችንም ላይ ሥራው የተሳካ መሆኑን ጻፍን።

በሸዋል ወር ሁለት የቲሞችን የሚያሳድጉ አንዲት እናታችን ፋኖሷን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ፋኖሷን ከራሳቸው ጥሪት ነበር የገዟት። ስንገልጠው ከአናቷ ላይ ያለችው ጨረቃ ከሥሯ ተሰብራለች፤ ስባሪውም እንደ ምላጭ ስል ሆኗል። በነጩ አክሪሊክ ጠርዝ ላይም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተደርድረዋል። እናታችንም «ልጄን እጁን ሊቆርጠው ነበርና እንድታውቁት ነው ያመጣሁት፤ ገንዘቤን መልሱልኝ ለማለት አይደለም፤ ለየቲም ያወጣሁት ነው» አሉን።

ከዚያ በኋላ አድራሻቸውን የምናውቃቸውን ገዢዎች ቤት ለቤት ዞረን ጠየቅን። ካየናቸው 23 ፋኖሶች ውስጥ 17ቱ ተሰነጣጥቀው አገኘናቸው። ከፊሎቹ ቁም ሣጥን ላይ ወጥተዋል፤ ከፊሎቹ ከአልጋ ሥር ገብተዋል። ስለ ብልሽቱ ግን ከእኒያ እናት በቀር ማንም አልነገረንም። ለምን ዝም እንዳሉ ስንጠይቃቸውም መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ «እኛ የገዛነው ለአጅር ነው፤ መብራቱማ ምን ያደርግልናል?» አሉን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለዚህች አንዲት መልስ ነው። መልሷ ከቀና ልብ የወጣች ናት፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ይሁን እንጂ ለምን እንዳሳዘነችን ለመረዳት በቅድሚያ ፋኖሷ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፋኖሷ እንዴት ትሠራለች?

ሥራው የሚጀምረው በወረቀት፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ነው። ልጆቻችን በመጀመሪያ የሚማሩት ሁለት እኩል አራት ማዕዘኖችን አንዱን በሌላው ላይ አዙሮ በማስቀመጥ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ መሥራትን ነው። ይህ ቅርጽ በካይሮም ሆነ በደማስቆ፣ በፌዝም ሆነ በሰመርቀንድ መስጊዶች ላይ የሚታይ የሙስሊም ባለ እጆች ቅርስ ነው። ኮከቡ በወረቀት ላይ ከተስተካከለ በኋላ ያለ ክፍያ በሚገኘው ኢንክስኬፕ በተባለው ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። የሰው ድካም የሆነን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ቀድቶ መጠቀም ለልጆቻችን ልናስተምረው የማይገባ በመሆኑ ይህንኑ መርጠናል።

በዚህ ደረጃ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። በወረቀት ላይ የሚያምር ንድፍ በእንጨት ላይ ሲቆረጥ መካከሉ ተቦድሶ ይወድቃል። ምክንያቱም ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ቅርጽ የሚይዘው ነገር የለም። ስለሆነም እያንዳንዱ ኮከብ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት ቀጭን ድልድይ ሊተውለት ይገባል፤ የድልድዩም ስፋት ቢያንስ የእንጨቱን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እናደርጋለን። ከዚያ ካነሰ ሲቆረጥ ይከስላል፤ ሲነካም ይሰበራል።

ሁለተኛው ትምህርት ልኬት ነው። ሻጩ 3 ሚሊ ሜትር ብሎ የሸጠልን ፕላይውድ በካሊፐር ሲለካ አንዱ 2.7፣ ሌላው 3.2 ሆኖ ይገኛል። ጨረሩም በበኩሉ በሚያልፍበት መሥመር ላይ እንጨቱን አቃጥሎ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ይተዋል። አራቱ ግድግዳዎች የሚጋጠሙት ጥርስ ለጥርስ በመሆኑ፣ ይህች የፀጉር ያህል ልዩነት ካልታሰበች ጥርሱ ወይ አይገባም፣ ወይ ይላላል። ስለዚህ ልጆቹ ዋናውን ከማስቆረጣቸው በፊት በትንሽ ቁራጭ እንጨት ላይ የ2.7፣ የ2.8፣ የ2.9፣ የ3.0 እና የ3.1 ሚሊ ሜትር ማስገቢያዎችን አስቆርጠው የትኛው ልክ እንደሚገጥም ይሞክራሉ። አንዲት ሙሉ ጣውላ ከማበላሸት አንዲት ቁራጭ ማበላሸት ይሻላልና።

መቁረጫው ማሽን የማኅበራችን ንብረት አይደለም። ንድፉን በፍላሽ ይዘን የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደሚሠራ አንድ ቤት እንሄዳለን፤ ክፍያውም በደቂቃ ይታሰባል። ሌዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 በቴዎዶር ማይማን ነው። እንጨትና አክሪሊክ የሚቆርጠውን ዓይነት፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፈው ደግሞ ሕንድ የተወለደው ኩማር ፓቴል ነው። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮ ሜትር ነው። የሚደንቀው ነገር ለዓይናችን እንደ ውኃ ጥርት ያለው አክሪሊክ ለዚህ ጨረር እንደ ጥቁር ግድግዳ መሆኑ ነው። ጨረሩን አያሳልፈውም፤ ውጦት ይቀልጣል፤ በዚሁም ይቆረጣል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የቤቱ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ከመስታወት ክዳኑ ውጭ ቆመው ይመለከታሉ። ጭስ መሳቢያው ሳይከፈት ሥራ አይጀመርም፤ ማሽኑ እየሠራም ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻውን አይተውም፤ እሳት ሊነሣ ይችላልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ አክሪሊክ መስሎ ከዕቃው ጋር እንዳይቀላቀል ይጠነቀቃሉ። በጨረር ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ብረትን የሚበላ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። የዕቃው ማንነት ካልታወቀ አይቆረጥም፤ ይህ ለድርድር የማይቀርብ ሕጋችን ነው።

የተቆረጠው ወደ ማሠልጠኛችን ሲመለስ የእጅ ሥራው ይጀምራል። የከሰለው ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ እንጨቱ በኮላ ይጣበቃል፤ በጨርቅ ታስሮ ያድራል፤ በማግሥቱ ቫርኒሽ ይቀባል። መብራቱ ባለ 5 ቮልት ኤል.ኢ.ዲ. ሲሆን በስልክ ቻርጀር ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም በፓወር ባንክ ይበራል። የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ ፋኖሷ ውስጥ አናስገባም፤ በልጆች ክፍል የምትቀመጥ ናትና። ክሩ የሚግለው የድሮው አምፖልም ለእርሷ አይሆንም። አክሪሊክ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ያ አምፖል ደግሞ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይቀይራል።

ብርሃኑ በጨረቃዋ ውስጥ

ከአናቷ ላይ ያለችው ጨረቃ ምንም ሽቦ ሳይገባባት ታበራለች። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ብርሃኑ ከታች በጠርዟ በኩል ይገባል፤ በአክሪሊኩ ውስጥ ሲጓዝ ወለሉን በጣም በተጋደመ ማዕዘን ስለሚመታ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ እየተንጸባረቀ ሄዶ የሚወጣው በሌዘር የተጫረውን ሻካራ ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨረቃዋ ሳትሆን በላይዋ የተጫሩት መሥመሮች ያበራሉ።

የብርሃንን መንጸባረቅና መሰበር በሙከራ ከመረመሩት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ በ965 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም መሆኑን ለልጆቹ እንነግራቸዋለን። ኪታቡል መናዚር የተሰኘው መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለዘመናት አውሮፓን አስተምሯል። ይህን የምንነግራቸው በአባቶቻቸው ሥራ እንዲመኩ ብቻ አይደለም፤ እርሱ የሰማውን ሁሉ ሳይሞክር እንደማይቀበል እንዲያውቁ ነው። ይህንን ትምህርት እኛው መምህራኑ ዘንግተነው እንደነበረ ቀጥለን እንናገራለን።

ስንጥቁ ከየት መጣ?

ፋኖሶቹ ለምን እንደተሰነጣጠቁ ለማወቅ የማስታወቂያ ሥራ ባለሙያዎችን ጠየቅን፤ እኛም በቁራጮች ላይ ሞከርን። ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ሌዘሩ አክሪሊኩን ሲቆርጥ ጠርዙ ይቀልጣል፤ ወዲያውም ይቀዘቅዛል። በዚህም የተነሣ በጠርዙ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ውጥረት ይቀራል። እንዲህ የተወጠረ ጠርዝ አልኮል ሲነካው በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል። ስንጥቁ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይታያል።

ልጆቹ ፋኖሶቹን ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት ጭሱን ለማስለቀቅና እንዲያብረቀርቁ ለማድረግ በአልኮል ወልውለዋቸው ነበር። በአልኮል እንዲወለውሉ ያዘዝናቸውም እኛ መምህራኑ ነን። መስታወት በአልኮል እንደሚጠራ እናውቅ ነበርና አክሪሊክም መስታወት ስለሚመስል እንዲሁ ይሆናል ብለን ገመትን። ሳንሞክር አዘዝን። በዚህም ላይ የጨረቃዋን ማስገቢያ እጅግ አጥብበን ስላሠራነው ውጥረቱ ባሰ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘነው። አክሪሊኩ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ የሚደርቀውም በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ነው። አልኮል አይነካውም። ማስገቢያው ከአክሪሊኩ ውፍረት በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ይደረጋል። ፈጣን ማጣበቂያም በአጠገቡ አይቀርብም፤ ትነቱ አክሪሊኩን ያደበዝዘዋል። ነጩ አክሪሊክ በኮላ ፋንታ ቀዳዳው ሰፋ በተደረገ ትንሽ ብሎን ይያዛል፤ ሙቀት ሲለጠጥ መፈናፈኛ እንዲኖረው ነው።

የከበደብን ግን ይህ አይደለም። ስለ ስንጥቁ ከልጆቹ ጋር ስንነጋገር አንድ የ17 ዓመት ልጅ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ኡስታዝ፣ እኔ ከሽያጩ በፊት አሳይቻችሁ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ አሳይቶን ነበር። ከአንዲት ፋኖስ ጠርዝ ላይ ቀጫጭን መሥመሮችን አይቶ ሽያጩ ለአንድ ቀን እንዲቆይ ጠይቆን ነበር። እኛም የመለስንለት «አትጨነቅ፤ ሰዎቹ የሚገዙት ለአጅር ነው፣ አይከፋቸውም» ብለን ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ገዢዎቹ በኋላ የነገሩንን ቃል አስቀድመን የተናገርነው እኛው ነን። ልጁ ያየውን እውነት በሰዎች እዝነት ሸፈንነው። ሰሒሕ ሙስሊም ላይ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ መሆኑን ባገኙ ጊዜ፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገው ለምን እንደሆነ ሻጩን እንደጠየቁትና ማታለልንም አጥብቀው እንዳወገዙ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሐዲሥ ለልጆቻችን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ግን እርጥቡን ከሥር እንዲያደርጉ አሳየናቸው። በልጆቹ ፊት ስሕተታችንን አምነን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት አላህን ምሕረት እንለምናለን።

እዝነት የሚጎዳው መቼ ነው?

የማኅበራችን ወርኃዊ ድጋፍ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። በዚያች ዕለት ከእጁ የሚቀር ነገር መኖር አለበት። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኗቸውና ማስተዋልን ሲያዩባቸው ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ያዛል። ፈተናው ያለው በልኬቱ፣ በሒሳቡና ከገዢ ጋር በመነጋገሩ ውስጥ ነው። ገዢው ብልሽቱን ዝም ካለ ግን ፈተናው ሳይፈተን ያልፋል። ልጁ ያልሰለጠነበትን ሥራ እንደሰለጠነበት ያስባል። ነገ ራሱን ችሎ ሱቅ ሲከፍት የሚመጣው ደንበኛ የቲም መሆኑን አያውቅለትም፤ የተሰነጠቀ ፋኖስም አይገዛውም።

ሌላም ጉዳት አለ። ዕቃው የሚገዛው በእዝነት መሆኑን ልጁ ይረዳል። እጁን ሳይሆን የቲምነቱን እየሸጠ እንደሆነ ሲሰማው ወይ ያፍራል፣ ወይ ይለምደዋል። ከሁለቱም አላህ ይጠብቃቸው። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ነቢዩላህ ዘከሪያም (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሰሒሕ ዘገባዎች መጥቷል። አናጢነት ለነቢይ ያልነወረ ሥራ ከሆነ ለልጆቻችን ክብር እንጂ ምጽዋት መጠየቂያ ሊሆን አይገባውም።

ጌጥ ብክነት ነውን?

አንዳንድ አባቶቻችን «የቲሙ ዳቦ እየፈለገ ሳለ የጌጥ መብራት መሥራት ኢስራፍ አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለልጆቹ ቀለብና ትምህርት ከተሰጠን ሰደቃ ለፋኖስ አንዲት ሳንቲም አልወጣም፤ የዕቃው መግዣ ለሥልጠና ብለው ከሰጡን ረዳቶች የመጣ ሲሆን በተለየ መዝገብ ተይዟል። ደግሞም በቤት ውስጥ መብራት ማሳመር ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። በመስጊድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ያበሩት ሶሓባው ተሚም አድ-ዳሪ (ረ.ዐ.) መሆናቸው በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። በረመዳን ፋኖስ የማብራት ልማድም በግብፅ ከፋጢማውያን ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሰፊው ይነገራል። «ፋኖስ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው። በኩራዝ ጭስ ቁርኣን የቀራን ሰዎች የብርሃንን ዋጋ አንስተውም።

በሌላ በኩል ከልጆቹ መካከል በፋኖሷ ላይ የሱረቱ ኑርን 35ኛ አንቀጽ ለመቅረጽ የጠየቁ ነበሩ። አንቀጹ ስለ መስኮት፣ ስለ መብራትና ስለ ብርጭቆ የሚያወሳ በመሆኑ በመምሉኮች ዘመን በተሠሩ የመስጊድ የብርጭቆ መብራቶች ላይ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1356 ጀምሮ በካይሮ ከተገነባው ከሱልጣን ሐሰን መስጊድ የመጡ እንዲህ ያሉ መብራቶች ዛሬ በቤተ መዘክር ይታያሉ። እኛ ግን አልፈቀድንም። እነዚያ መብራቶች በመስጊድ ጣራ ሥር ከፍ ብለው የሚሰቀሉ ነበሩ፤ የእኛዋ ፋኖስ ግን መሬት ላይ ልትቀመጥ፣ በልጅ እጅ ልትወድቅ ትችላለች። በሌዘር ሲቆረጥም ከፊደሉ ውስጥ የሚወጣው ቁራጭ ከመጥረጊያ አቧራ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ኮከብና ሐረግ ብቻ ይቀረጻል፤ የአላህ ቃል በልባቸውና በሙስሐፋቸው ይኑር።

ያደረግነውና የምንጠይቃችሁ

የተበላሹትን 17 ፋኖሶች በአዲስ ተክተናል። ገንዘብ አይመለስልኝ ያሉትንም አዲሷን ፋኖስ እንዲቀበሉ ለምነናቸዋል። እኒያ እናታችንም የመጀመሪያዋን ተረክበዋል።

ከእንግዲህ ማንኛዋም ፋኖስ ከመሸጧ በፊት ለ8 ሰዓታት በርታ ትቆያለች፤ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ከመደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ስንጥቅ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲታይ ነው። ከመቀመጫዋ ሥር ቁጥር ይጻፍባታል፤ የሠራት ልጅ ማን እንደሆነ በመዝገባችን ይታወቃል፤ ፋኖሷ ላይ ግን «የየቲም ሥራ» የሚል ጽሑፍ አይኖርም። ዋጋዋ የዕቃው፣ የመቁረጫው ደቂቃ፣ የልጁ ድካምና መጠነኛ ትርፍ ተደምሮ የሚወጣ ነው። የልጁ ድርሻ በስሙ ይመዘገባል፤ አሳዳጊውም በየወሩ ያየዋል።

እናንተን የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ ፋኖሷን ስትገዙ እንደማንኛውም ዕቃ ገልብጣችሁ እዩዋት፤ አብሩዋት፤ ጥርሶቿን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ካልወደዳችኋት አትግዙ። ሁለተኛ፣ ከዋጋዋ በላይ መስጠት ከፈለጋችሁ ያንን በሰደቃ ደረሰኝ ለማኅበሩ ስጡ፤ ከሽያጩ ጋር አትቀላቅሉት። ሰደቃችሁ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍ፤ የልጁ ሥራም ሥራ ሆኖ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ፋኖሷ ከተበላሸች ይዛችሁ ኑ። የመጣችውን ፋኖስ የሚቀበለው የሠራት ልጅ ራሱ ነው። እንዳታሳፍሩት አትፍሩ፤ በትሕትና የተነገረ እውነት ለልጁ ከትርፍ ብር የበለጠ ስጦታ ነው።

ለአሳዳጊዎችም የምንለው አለን። ልጃችሁ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ሲናገር አድምጡት። እኛ አንድ ጊዜ ሳናደምጥ ቀርተን ብዙ ቤቶችን ቅር አሰኝተናል። ያ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ የፋኖሶቹ መርማሪ ሆኗል፤ እርሱ ሳያያትና ሳይፈርምባት አንዲትም ፋኖስ አትወጣም። ከመምህራኑ አንዳችን ብንቸኩል እንኳ የማስቆም መብት አለው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ፋኖሶችን መልሶብናል፤ ማስገቢያቸው ጠብቦ ነበር። ተመልሰው ተስተካክለዋል።

በፊታችሁ ያለችው ፋኖስ እርሱ የፈረመባት ናት። ከስብሰባው በኋላ ቀርባችሁ ተመልከቷት፤ ጉድለት ካገኛችሁባትም እርሱ ከበሩ አጠገብ ቆሟልና ለእርሱ ንገሩት።

አላህ ሥራችንን በኢኽላስ ያድርግልን፤ የየቲሞቻችንን እጅ ከመዘርጋት አውጥቶ ለመስጠት ያብቃው፤ ረመዳንንም በሰላም ያድርሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።